ጎበዙን መመልመል ቀላል ነው፣ ማቆየቱ ነው ጉዱ

ሻለቃውን ይጠይቁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የጡረተኛው መኮንን መልስ፣ ከደሴ

ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አራቱ ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ሠራዊት ጥሩ ሰው ከየት ያገኛል? ካገኘስ በኋላ እንዴት አድርጎ ያቆየዋል? ስለዚህ የጡረታ ደብተርና የቀበሌ ቤት ጥያቄዎችን ለሚቀጥለው አሳድሬያቸዋለሁ። ጠያቂዎቹ ትንሽ ይታገሱኝ።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ እኔ የተሽከርካሪ ጥገና ሰው ነኝ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ዚልና ኡራል ሥር ተኝቼ ነው ያረጀሁት። እግረኛ ጦር መርቼ አላውቅም። ፖለቲካ ለሚጠይቀኝም መልስ የለኝም፤ ሌላ ገጽ ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሻለቃ። የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ ሲመጡልኝ ኪያቬ አያያዝ እንኳ አያውቁም። አስተምራቸዋለሁ። ልክ እጃቸው ሲፈታ ውላቸው ያልቅና ይሰናበታሉ። አንዱ ጋራዥ ከፈተ። አንዱ ሪያድ ነው። አንዱ ሲኖትራክ ይነዳል። ደሞዝ መጨመር የኔ ሥልጣን አይደለም። ከላይ ደግሞ «ለምን አታቆያቸውም?» እባላለሁ። በምን ላቆያቸው?
*መቶ አለቃ ነኝ፤ የወሎ ልጅ፣ አሁን ከወሎ ራቅ ያልኩ*

መልስ፦ አብሽር መቶ አለቃ። ብቻህን አይደለህም። ከአንተ መቶ እጥፍ በጀት ያላቸው ጄኔራሎችም ይህንኑ እየጠየቁ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው። «ለአገር ፍቅር ነው የሚሠራው» እያሉ ባለሙያን በባዶ ኪስ ማቆየት አይቻልም። ባለሱቁ ዘይትና ስኳር በአገር ፍቅር አይሰጥም። ሪያድ ያለው ልጅህ የሄደው በደሞዝ ነው። እሱን አንተ አታስቀረውም፤ በሰላም ይግባ ብለህ ተወው። ጋራዥ የከፈተው ግን ሌላ ነው። ቡና ጋብዘህ ብትጠይቀው ከደሞዙ በፊት ሌላ ነገር ያወራሃል።

አንድ አሥር አለቃ ነበረኝ። ስሙንም ክፍሉንም አልጠራም። ከባቲ ወጣ ካለ ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ይህ ልጅ የካቻቢቴውን ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ «ሻምበል፣ ሦስተኛው ኖዝል ነው» ይላል። እንፈታዋለን። ሦስተኛው ነው! እኛ ኮርስ የወሰድን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈታን ግማሽ ቀን የምንፈጅበትን ሥራ እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

አንድ ቀን አዲስ አዛዥ መጣ። ልጁ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሰላምታ ሲሰጥ እጁም ደረቱም ግሪስ ነበር። «ወታደራዊ ቁመና የለውም» ተባለ። መጋዘን ጥበቃ ላይ ተመደበ። ለጥቂት ሳምንት መስሎን ነበር፤ ውሉ እስኪያልቅ እዚያው ቀረ። ደብዳቤ ጻፍኩ። በቃል ለመንኩ። «ሰው እጥረት አለ» ተባልኩ። እኔ ጋ መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ እሱ መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። አንድ ቀን በበሩ ሳልፍ «ሻምበል፣ የዚያ የውሃ ቦቴ ድምፅ አላማረኝም፤ ቢያዩት ጥሩ ነው» አለኝ። ከጥበቃ ቦታው ሆኖ ያዳምጥ ነበር ማለት ነው። በሳምንቱ ቦቴው መንገድ ላይ ቆመ።

ውሉ ሲያልቅ አንድ ሌሊት አላደረም። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የሞተር ፖምፓ የሚጠግንበት ጋራዥ አለው። የሠራዊት መኪናም ይመጣለታል። ደረሰኝ ቆርጦ ይሠራል። በወር ደሞዝ ተይዞ የነበረ ጆሮ አሁን በሰዓት ነው የሚከፈልበት።

ያን ልጅ ያጣነው በደሞዝ አይደለም። ሥራውን ስለነጠቅነው ነው። ጎበዝ ሰው ሥራ ሲበዛበት ያማርራል እንጂ አይሄድም። የሚሄደው የሚችለውን እንዳይሠራ ሲደረግ ነው።

ስለዚህ በእጅህ ካለው ጀምር። የጥበቃ ተራ መዝገቡን አንተው ራስህ እየው። መካኒክህም ወታደር ነውና ጥበቃ ይቆማል፤ እሱ አያከራክርም። ግን በወር ስንት ሌሊት? «እሱ እንቢ አይልም» እየተባለ የሌላውም ተራ እላዩ ላይ እየተጫነ ከሆነስ? ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ፍሬን ሲያጠብቅ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱ የሞራል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው የጫነ መኪና ነው የሚገለበጠው።

የራሱን የኪያቬ ሳጥን ስጠው። ስሙ ይጻፍበት። የጋራ ሳጥን የማንም አይደለም፤ አሥራ ሦስት ቁጥር ሁልጊዜ ይጠፋል። ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈቃድ ላይ ቃልህን ጠብቅ። የአገራችን ልጅ ከሆነ ደግሞ እናቱ ሙስሊም፣ አጎቱ ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ፤ መውሊዱም ገናውም ያምረዋል። ሁለቱንም መስጠት አትችልም፣ ገባኝ። አንዱን ግን ቀኑን ቆርጠህ፣ በወረቀት ስጠው። ግዳጅ ካልመጣ በቀር አትሰርዝበት። ለቅሶ ላይማ ጨርሶ አትቀልድ። የአባቱን መርዶ ከቀብሩ ሳምንት ቆይቶ የሰማ ልጅ አውቃለሁ። ቤተሰቡ በሰዓቱ ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው «አሁን ሥራ በዝቷል፣ በኋላ ይነገረዋል» ብሎ ያዘው። እጥፍ ደሞዝ ቢሰጡትስ ያ ልጅ ይቆያል?

አሁን ብዙ አለቆች የሚፈሩትን ልንገርህ። «ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ካስፈተንኩት፣ ወረቀት ከያዘ፣ ነገውኑ ይሄድብኛል» ይላሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ በየዓመቱ ዕድሜው እየሄደ እንደሆነ ይሰማዋል። ስለዚህ ይቸኩላል። ወረቀቱን የያዘው በፈለገበት ቀን መሄድ እንደሚችል ያውቃልና ተረጋግቶ ይሠራል። አስፈትናቸው። ውላቸው ሲቃረብ ደግሞ የመጨረሻውን ወር አትጠብቅ። ዓመት ሲቀረው አስቀምጠህ «ምን አሰብክ? ምን ቢሆንልህ ትቆያለህ?» በለው። መሰናበቻ ቅጹን ሞልቶ የመጣን ሰው ማነጋገር ለወጉ ነው፤ ልቡ ከሄደ ቆይቷል።

ካንተ በላይ የሆነ ነገርም አለ። ሪፖርት ስትጽፍ ብትጨምረው አይከፋም። እኛ ዘንድ ባለሙያ ከፍ ሲል ሰው አዛዥ ይሆናል። ምርጡን መካኒክ ሾመን ወረቀት ፈራሚ እናደርገዋለን። አንድ ጥሩ መካኒክ እናጣለን፣ አንድ የተጨነቀ አለቃ እናገኛለን። አሜሪካኖች ለዚህ ብለው በበታች ሹምና በመኮንን መካከል ለባለሙያ ብቻ የሆነ የማዕረግ መሰላል አላቸው። የምድር ጦራቸው ሄሊኮፕተር አብራሪ አብዛኛው በዚህ ማዕረግ ላይ ያለ ነው። ሰውዬው ሙያውን ሳይለቅ ያድጋል፣ ደሞዙም ያድጋል።

እነሱም ቢሆኑ ያልተፈታላቸው አለ። ለረጅም ዘመን ጡረታቸው ሃያ ዓመት ለሞላ ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ የወጣ የወር ጡረታ አያገኝም። ውጤቱ ምን ሆነ? አሥራ አምስት ዓመት የሞላው፣ የሰለቸውም ቢሆን፣ ጥርሱን ነክሶ ይቆጥራል። ስምንት ዓመት ላይ ያለው፣ ደጅ የሚፈልገው ጎበዝ፣ ሃያው ሩቅ ስለሆነበት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሻሻሉት። መንግሥት በየወሩ የተወሰነ መዋጮ ያስቀምጥለታል፣ ቀድሞ ቢወጣም ይዞት ይሄዳል።

የመጨረሻው፣ የሚሄደውን በክብር ሸኘው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እኔም አንዱ ተበታኝ ነበርኩ። ኮምቦልቻ ገብቼ የሰው አይሱዙ ስጠግን ኖርኩ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አብራሪውም፣ መድፈኛውም፣ መካኒኩም ተፈለገ። የቀድሞዎቹ ተጠሩ። እኔም ሄድኩ፣ እዚያው ቀርቼ ለጡረታ በቃሁ። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ግን «አሁን ነው የታወስነው?» ብለው የቀሩ አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ያንተም ተሰናባች አንድ ቀን ይፈለጋል። ስልኩን ያዝ። ለበዓል ደውልለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ሻለቃ። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ሥራ ስላጣሁ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። መከላከያ ባለሙያ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ። ቢቀበሉኝ በሙያዬ ያሠሩኛል ወይስ ጠመንጃ አስይዘው ይልኩኛል? እናቴ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ምግብ አልበላም ብላለች።
*ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም ነው። ጠመንጃም ትይዛለህ፣ ዕድልህ ከሰጠም በሙያህ ትሠራለህ። መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና የማይወስድ ወታደር የለም፤ ዲግሪ አያስቀረውም። ትሮጣለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ጭቃ ውስጥ ትሳባለህ። ይህ ካልተዋጠልህ ከአሁኑ ተወው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጥያቄው። መልማይ ፊት ስትቀርብ አትፈር፤ ጠይቅ። ስንት ዓመት ነው የምፈርመው? የገባሁት በባለሙያነት ነው ወይስ በተራ ምልምልነት? ማዕረጌ ምን ይሆናል? የሚመድበኝ ማን ነው? ዲግሪዬ ፋይሌ ውስጥ ይገባል ወይ? «ግባ እንጂ፣ እዚያ ይስተካከላል» የሚል መልስ ካገኘህ ምንም አልተባልክም ማለት ነው። ውሉን ሳታነብ አትፈርም፤ ኮፒውን እናትህ ጋ አስቀምጥ።

መልማዩን ክፉ ሰው ነው አላልኩም። እሱም ኮታ አለበት። ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሏል። የሚመሰገነው ባመጣው ቁጥር ነው። ካመጣቸው ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ በሙያው ላይ እንዳለ የሚጠይቀው የለም። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ ለመልማይ ግማሹን ምስጋና የምሰጠው ያን ጊዜ ቆጥሬ ነበር።

ኮታ ሲጎድል ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ መስፈርቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ቀላሉ እሱ ነው። ሌላው ልጁን ከፍ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 ስልሳ ሺህ ሰው ፈልጎ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ጎደለበት። ያን ጊዜ ፎርት ጃክሰን በሚባል ካምፕ የዝግጅት ኮርስ ጀመሩ። በፈተና ትንሽ የወደቀውን ሒሳብና ንባብ ያስተምሩታል። ውፍረት የበዛበትን ያስሮጡታል። እስከ ዘጠና ቀን ድረስ። መስፈርቱን ሲያሟላ ወደ ዋናው ሥልጠና ይገባል። የኔን አሥር አለቃ አስታውሱልኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመው። በወረቀት ቢሆን ማን ያስገባው ነበር?

አንተን ግን ወረቀት አይደለም የሚያሳስበኝ። ሞባይል መጠገኑን «ሥራ ስላጣሁ» ብለህ ነው የጻፍከው። አትናቀው። በሙቅ አየር ቺፕ አንስቶ መልሶ የሚተክል እጅ የሬዲዮ ጥገና ክፍል ቢያገኘው ይስመዋል። ስታመለክት ከዲግሪህ እኩል እሱንም ጻፍ። ሠራዊቱ ቢሾፍቱ ባለው የምህንድስና ኮሌጁ የራሱን መሐንዲሶች ያስተምራል፤ ከነሱ ጋር ስትደባለቅ የምትለይበት እጅህ ነው።

እናትህን በተመለከተ፣ ጠፍተህ እንዳትሄድ። በኛ አገር ልጅ ሳይሰናበት ሄዶ ስንት ቤት ለዓመታት ሲያነባ ኖሯል። ቁጭ በል። ፈርሜ ብሄድ ይህን ያህል ዓመት ነው፣ ደሞዜ ይህ ነው፣ አደጋውም ይህ ነው በላት። አደጋ የለውም ብለህ አትዋሻት። በ2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን በዓይኗ ያየች እናት ጦርነት ምን እንደሆነ ካንተ በላይ ታውቃለች። ከዚያ መርቃ ብትሸኝህ ሂድ። ካልሆነ ትንሽ ጠብቅ፤ ሠራዊት የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ክቡር ሻለቃ፣ ምልመላ፣ ማበረታቻ፣ ጥቅማ ጥቅም የምትሉት የዘመኑ ቅንጦት ነው። ወረ ኢሉ ላይ ለአድዋ የከተተው ሕዝብ ምን ውል ፈረመ? አፄ ቴዎድሮስስ ባለሙያ ይዘው በግድ መድፍ አላሠሩም? ደርግ በብሔራዊ ውትድርና ሁሉንም አስገባ። ግዴታ ቢሆን ጎበዙም ሰነፉም ይገባል፤ ያኔ ተሰጥኦ አያመልጥም።
*የታሪክ መምህር፣ ከአጅባር*

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎ ጥሩ ሙግት አለው። ሆኖም ሦስቱንም ምሳሌ እርስዎ ላይ እመልሳቸዋለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።

ወረ ኢሉ ላይ በ1888 ዓ.ም. የከተተው ዘማች ነው። ስንቁንም፣ በቅሎውንም፣ ብዙው መሣሪያውንም ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። ከሁሉ በላይ ችሎታውን ከቤቱ ይዞ መጣ። ፈረስ መጋለብና መተኮስ ያስተማረው አባቱ ነው። ዘመቻው ሲያልቅ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ዳግመኛ ቢጠራ ያው ችሎታው እጁ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጦር የክተት አዋጅ እንጂ የማቆያ ዘዴ አያስፈልገውም። ራዳር ግን አባት ለልጁ ጓሮ ውስጥ አያስተምረውም። የሚያስተምረው ሠራዊቱ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ያ ልጅ ሲሄድ የሄደው ዓመታቱ ነው።

የቴዎድሮስ ነገር እርስዎ ደጅ ላይ ነው ያለው። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰበሰቡ። ወንጌል ልንሰብክ መጣን ያሉትን ሰዎች መድፍ ሥሩ አሏቸው። መጀመሪያ በሽልማትና በክብር ነበር የያዟቸው። ለንግሥት ቪክቶሪያም መልእክተኛ ልከው ተጨማሪ ባለሙያ ጠየቁ። ሰውዬው የጎደላቸው ምን እንደሆነ በደንብ ገብቷቸዋል። ወታደራቸውን ባሥር፣ በሃምሳ፣ በመቶና በሺህ አለቃ ያደራጁትም እሳቸው ናቸው፤ እኔም ጡረታ የወጣሁት በዚያ መሰላል ላይ ነው።

ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ መንገድ እየተቆረጠለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ እየወጣ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። አምባው ላይ ወጥቼ አይቼዋለሁ። አፉ ውስጥ ሕፃን ልጅ ይደበቅበታል። ብረቱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ለጥገና ሰው ሥራው ያስደንቃል።

አሁን ሁለት ነገር ያስተውሉልኝ። አንደኛ፣ መድፉ ሲጓዝ ጦሩ እየከዳ ነበር። በዘመናቸው ከፍታ ብዙ አሥር ሺህ የነበረው ሠራዊት ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ጥቂት ሺህ ነበር። ቅጣቱ እየበረታ ሲሄድ ሰውም በሌሊት መጥፋቱን አበረታ። ሁለተኛ፣ ባለሙያዎቹ በመጨረሻ ከእስረኛ የማይሻሉ ሆነው ነበር። መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዞች ጋር ተያይዘው ወጡ። የጋፋት ሥራ እዚያው ቆመ። ሰውን በግድ ሲይዙት እጁ ይቀራል፣ ሐሳቡ ግን ደጁን ነው የሚያየው።

ወደ ደርግ እንምጣ፤ እኔ የኖርኩበት ነው። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል ተባለ። በወረቀት ሲያዩት እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ጎበዙም ሰነፉም ይገባል። በመሬት ላይ ግን ምን ሆነ? አፈሳ ሆነ። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ። ዘመድ ያለው ልጁን ሸሸገ። ገንዘብ ያለው አሸሸ። የተረፈው የደሃ ልጅ ገባ። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ የተላኩልኝን ልጆች «ምን ትችላላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ዝም አለ። ቆይቶ ሰማሁ፤ ለካስ ልጁ ጎበዝ በያጅ ነው። «ከቻልኩ አይለቁኝም ብዬ ነው» አለኝ። ግዴታ ላይ ሰው ችሎታውን ይደብቃል፣ መምህር! ይህን በየትኛው ምልመላ ይይዙታል?

ጦሩ በቁጥር ከአፍሪካ ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ጎበዞቹስ? ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ነበሩ። የካቲት 1980 ዓ.ም. በራሳቸው መንግሥት ተረሸኑ። በወሩ መጋቢት ላይ ናደው ዕዝ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ። ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ደግሞ ስንት የተማረ ጄኔራል አለቀ። ያን ሁሉ ትምህርት ቤት፣ ያን ሁሉ ዓመት በአፈሳ አይተኩትም።

ሆድም ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ የነበረው ጦር ያመፀው በርዕዮተ ዓለም አይደለም። ምግቡ የማይበላ ነበር። የውሃ ፓምፑ ተበላሸ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሊያነጋግሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ነገሩ ወደ ሌሎች ጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ መጨረሻውን ለእርስዎ አልነግርም፣ ክፍል ውስጥ ያስተምሩታል። እኔ እንደ ጥገና ሰው ሁልጊዜ የማስበው ያን ፓምፕ ነው። በጊዜው የሚጠግነው አንድ ልጅ ጠፍቶ ነው?

ጥያቄ፦ ሻለቃ እንደምን አሉ። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ከክፍሏ አንደኛ ናት። አሁን መኮንን እሆናለሁ ብላ ተነስታለች። ሴት ልጅ፣ ያውም ጭንቅላት ያላት፣ እዚያ ምን ትሠራለች? ይምከሩልኝ።
*እናት፣ ከሐይቅ*

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቅላት ያላት መሆኗ የሚያስቀራት ሳይሆን የሚያስፈልጋት ነው። እስራኤሎች ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ድንጋጤ በኋላ ታልፒዮት የሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ጀመሩ። በሒሳብና በፊዚክስ የበለጡ ጥቂት ወጣቶችን፣ ሴትም ወንድም፣ ይመርጣሉ። ሦስት ዓመት ያህል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሯቸዋል፤ ከትምህርቱ ጎን ወታደራዊ ሥልጠናውን ይወስዳሉ። ከዚያ ስድስት ዓመት በምርምር ክፍሎች ያገለግላሉ። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም። ግን ልጆቹ ሲፈርሙ ምን እንደሚማሩና ምን እንደሚሠሩ ያውቃሉ። ማንም መጋዘን ጥበቃ ላይ አያቆማቸውም።

ስለ ልጅዎ ግን አሁን አይወስኑ፤ እሷም አትወስን። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ትፈተን። ጥሩ ውጤት ካመጣች መንገዱ ብዙ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በባለሙያነት መግባትም አንዱ ነው። ኮምፒውተር የምትወድ ከሆነ ኢንሳ (የመንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት) በክረምት ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች መርጦ ያሠለጥናል፤ ማስታወቂያውን ትከታተል። ዩኒፎርም ሳትለብስ ራሷን ትሞክርበታለች።

ሴት ስለሆነች የሚጠየቅ ጥያቄም አለ፣ አልደብቅዎትም። ማደሪያው የተለየ ነው ወይ? አለቃ ቢያስቸግራት ከዚያው አለቃ ሌላ አቤት የምትልበት ሰው አለ ወይ? ብትወልድ የሥራ ቦታዋ ይጠብቃታል ወይ? ከመልማዩ ይልቅ ሠራዊት ውስጥ ያለች አንዲት ሴት መኮንን ፈልገው ይጠይቁ። ሐይቅም ደሴም አይጠፉም፤ ዕድር ላይ ቢያነሱት ባንድ ሳምንት ያገኟታል። ልጅቱን ይዘው ይሂዱና እርስዎ ቡና እያፈሉ እነሱ ያውሩ። ከዚያ የሰማችውን ራሷ ጽፋ ትላክልኝ፤ በሷ ቋንቋ ባነበው ይሻለኛል።